ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ዲሲ-3፦ ሞዴል አውሮፕላንን በበረራ ላይ እንዳለ አድርጎ ማሳየት

በየከተማው የቲኬት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የአውሮፕላን ሞዴል ልብ ብላችሁ እዩት። አፍንጫውን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ በአንድ ዘንግ ላይ ተሰክቷል። ለማስታወቂያ ያምራል፤ እየበረረ ነው ብሎ የሚያምን ግን የለም። ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ፣ እየወጣ ይሁን እየወረደ፣ አብራሪው ምን እያደረገ እንደሆነ አይናገርም። ሞዴልን በበረራ ላይ እንዳለ አድርጎ ማሳየት አየር ላይ ከማንጠልጠል የተለየ ሥራ ነው። አንዲት ቅጽበት ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ከፕሮፔለሩ እስከ መሬቱ ያለውን ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ታስገዛላችሁ።

መመሪያው ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ ወይም ጎዴ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተሰናዳ ነው። የቆላው ሙቀት፣ አቧራና ምስጥ ለሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማያውቀው ጣጣ አላቸው። ዕቃውም ቢሆን ከሞዴሉ በስተቀር ከብረት ብየዳ ቤትና ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገኝ ነው። ሞዴሉን ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው የሚያመጣው፤ ኤርፊክስና ኢታሌሪ ዲሲ-3ን በ1 ለ72 ይሠራሉ።

ከፍታውን አስሉ

ቅጽበት መምረጥ የሚጀምረው ከሒሳብ ነው። በ1 ለ72 የተሠራ ሞዴል ከመሬት ሰሌዳው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ እውነተኛው አውሮፕላን 21.6 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። በ1 ለ144 ከሆነ 43 ሜትር ገደማ፣ በ1 ለ200 ከሆነ 60 ሜትር። በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚጓዝ አውሮፕላን በ1 ለ72 ልክ ከነመሬቱ ላሳይ የሚል ሰው መሬቱን ከአውሮፕላኑ በታች 42 ሜትር ገደማ ማውረድ ይኖርበታል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከሥሩ መሬት የሌለው ከፍተኛ በረራ፣ ወይም ከሥሩ መሬት ያለው ዝቅተኛ በረራ። ተራራና ወንዝ የተሳለበት ሰሌዳ ላይ በአንድ ክንድ ከፍታ የተሰካ ቦይንግ 787 ሁለቱንም አይደለም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ዓይኑ አይቀበለውም።

እኔ ለነገሌ ሰው የምመርጠው ዝቅተኛውን ነው፤ አውሮፕላኑም ዲሲ-3። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ በሲ-47 ነበር። ከዚያ በኋላ ዲሲ-3 ለአሥርት ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ የአፈርና የሣር ሜዳዎች ላይ ሲያርፍና ሲነሣ ኖሯል፤ ነገሌም ከመዳረሻዎቹ አንዷ ነበረች። በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መለያ ኢ-ጂ-ኤል የሚሉት ፊደላት የእሷ ናቸው። አጥር በሌለው ሜዳ ላይ አብራሪ ከማረፉ በፊት አንዴ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከብቱና ግመሉ ከማኮብኮቢያው እንዲነሣለት፣ ዝናብ ያበላሸው ቦታ ካለም እንዲያየው። ያ ማለፍ ከሃያ ሜትር ገደማ ቢሆን ማንም አይገረምም። ሒሳባችን ያስገኘልን ከፍታ ይኸው ነው።

ሌላ አውሮፕላን ለሚሻ ሰው በዚሁ አገር ሰማይ ላይ ሌላም ዝቅተኛ በረራ አለ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ፣ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጀ፣ ከ1966ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ ኤም-ኤፍ-አይ 15 በተባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ እህል በከረጢት የጣለ ሰው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ጥቃት የሞተውም እዚሁ ቆላ፣ ጎዴ ላይ ነው። የኤም-ኤፍ-አይ 15 ጎማ አይታጠፍም፤ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 8.85 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ72 ሲሠራ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከእንጨትም ይቀረጻል። ይህን የምትሠሩ ከሆነ ከረጢቶቹን ከጅራቱ ኋላ አታሰልፏቸው። የተጣለ ከረጢት የአውሮፕላኑን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ቦታው ከሆዱ ሥር፣ ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ወደ ነገሌ ሲገፋ የመጡትን የጣሊያን አውሮፕላኖች የሚሠራም ይኖራል። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ የደበደቡ አውሮፕላኖች ናቸው። የሚሠራቸው ሰው ከሥራቸው የነበረውን ድንኳንም ይሥራ ባይ ነኝ።

አቋሙ

ዲሲ-3 መሬት ላይ ሲቆም በጅራቱ ትንሽ ጎማ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ከ10 ዲግሪ በላይ ቀና ያደርጋል። ሰው በፎቶግራፍ የሚያውቀው ይህን መልክ ስለሆነ ሞዴሉን አየር ላይ ሲሰካም ሳያስበው ያንኑ ይደግማል። ውጤቱ እየበረረ ሳይሆን በክሬን የተነሣ አውሮፕላን ይመስላል። በአየር ላይ ዲሲ-3 ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መለኪያችሁ የተሳፋሪዎቹ መስኮት ረድፍ ይሁን፤ ረድፉ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ፣ ቢበዛ ከፊት በኩል 3 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ መሆን አለበት። በ1 ለ72 ከአፍንጫ እስከ ጅራት ያለው ርዝመት 27 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 3 ዲግሪ ማለት ከጫፍ ጫፍ 1.4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። በማስመሪያ ይለካል።

ከዚያ ጎን ማዘንበሉ ይከተላል። ዋናው አብራሪ የሚቀመጠው በግራ ነው፤ ከብቱ መነሣቱን ለማየት ግራ ክንፉን ዝቅ ያደርጋል። 10 ዲግሪ ይበቃል። የክንፉ ስፋት በ1 ለ72 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የቀኙ ጫፍ ከግራው በ7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከታየ ልክ ናችሁ። ለ1 ለ144 ሞዴል 3.5 ሴንቲ ሜትር። 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ዲሲ-3 የፊልም ነው፤ ተሳፋሪ የጫነ አብራሪ በዚህ ከፍታ ላይ እንዲህ አያደርግም።

የጅራቱ አግዳሚ ክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል አንዳንዴ ተንጠልጥሎ ተሠርቶ ይመጣል፤ ያ የቆመ አውሮፕላን ምልክት ነው። ከቋሚው ክፍል ጋር አስተካክላችሁ አጣብቁት። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ሥር ያለው ፍላፕም ይዘጋ። ለማረፍ እየወረደ ያለ አውሮፕላን ከመረጣችሁ ግን ሁሉም ይገለበጣል፤ ጎማው ይወርዳል፣ ፍላፑ ይከፈታል። ጎማው ወርዶ ፍላፑ የተዘጋ፣ ወይም ፍላፑ ተከፍቶ ጎማው የተሰበሰበ ሞዴል ግን ሁለት ቅጽበት አንድ ላይ የተሰፋበት ነው።

ጎማ፣ ፕሮፔለር፣ አብራሪ

ዲሲ-3 ጎማውን ሲሰበስብ ሙሉ በሙሉ አይደብቀውም። ጎማዎቹ ከሞተሮቹ ሥር ገብተው ታችኛው ክፍላቸው ውጭ ይቀራል። የጅራቱ ጎማ ደግሞ ጭራሽ አይታጠፍም። ስለዚህ የዋናውን ጎማ እግር ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ጎማውን ብቻ ወደ ቦታው አስገብታችሁ ታችኛው ሲሶ ወደ ውጭ እስኪወጣ ድረስ አጣብቁ። ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ ልሙጥ ማድረግ ዲሲ-3ን የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። ያቺ የምትታየዋ የጎማ ቁራጭ ናት ይህን አውሮፕላን የምታስለየው።

ፕሮፔለሩ ላይ ጊዜ ስጡ። ሦስቱ ምላጮች ቆመው የሚታዩበት ሞዴል ሁለት ሞተሩ ጠፍቶ በ20 ሜትር ላይ እየተንሳፈፈ ነው፤ ይህ ደግሞ አደጋ ነው። ምላጮቹን ከእምብርቱ ላይ ቁረጡ። የሸሚዝ ወይም የኬክ ማሸጊያ ከሆነ ጥርት ያለ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ዲያሜትሩ 4.9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ አውጡ፤ ለ1 ለ144 ከሆነ 2.4። እውነተኛው ፕሮፔለር 3.5 ሜትር ያህል ነው። ክቡን በእምብርቱ በኩል በመርፌ ወግታችሁ ሚስማር ላይ አዙሩት፤ እየዞረ ሳለ እጅግ ለስላሳ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ጠጋ ብታደርጉበት ቀጫጭን ክብ ጭረቶች ያወጣል። ብርሃን ሲያርፍበት ዓይን የሚያየው የሚሽከረከር ነገር ነው። የምላጮቹ ጫፍ ቢጫ ስለሆነ ዳር ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ቢጫ ቀለበት ቀቡ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ። ግራጫ ቀለም በብዛት የተነፋበት ክብ ፕሮፔለር መሆኑ ቀርቶ ምጣድ ይሆናል።

ከአሻንጉሊት መኪና የተፈታ ሞተር አስገብቶ ፕሮፔለሩን በእውነት ማሽከርከር ይቻላል። እኔ አልመክረውም። ንዝረቱ ዘንጉን ያንቀጠቅጣል፣ ሽቦው መደበቂያ ያጣል፣ ባትሪው ያለቀ ዕለት ደግሞ አውሮፕላኑ እንደገና ሞተር የጠፋበት ይሆናል።

ጋቢናው ባዶ አይሁን። በ1 ለ72 የተቀመጠ ሰው ከወገቡ በላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ከሻማ ወይም ከጭቃ የተድቦለቦለ ራስና ትከሻ ይበቃል። የግራውን አብራሪ ፊት ወደ ግራ መስኮት አዙሩት። ማንም ላያስተውለው ይችላል፤ የሚያስተውለው ሰው ግን ሌላውን ሁሉ ያምንላችኋል። በ1 ለ144 መስታወቱን በጥቁር ግራጫ ቀብቶ ማለፍ ነው።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ የሞዴሉ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ይነግራችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሆዱን በቀይ አፈር ቀለም በጣም ስስ አድርጋችሁ አደብዝዙት። በዚህ አገር ሜዳ የሚያርፍ አውሮፕላን ነጭ ሆድ ይዞ አይቆይም።

ዘንጉ

ከውጭ የሚመጣው መመሪያ የመስታወት ዓይነት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዘንግ ግዙ ይላል። አዲስ አበባ ማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ቀጭኑ ይተጣጠፋል፣ ወፍራሙ ደግሞ ብርሃን ሰብስቦ ከብረት የባሰ ይታያል። እኔ የምመርጠው የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው። በየብረት ቤቱ ይገኛል፤ የተለመደው ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ልባሱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አራግፉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ሞዴሉ፣ ሁለት ተኩል ወደ ሰሌዳው ሲገባ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ከላይ 21.6 ሜትር ያልኩትም ለዚህ ነው።

ሞዴሉን ከመግጠማችሁ በፊት፣ ሁለቱ የገላው ግማሾች ገና ክፍት ሳሉ፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቱቦ ውስጥ ቅበሩ። የተበላሸ ራዲዮ የሚሳብ አንቴና ከመጠን መጠን የሚገባቡ ቱቦዎች አሉት፤ ኤሌክትሮዱን ልክ የሚይዘውን መርጣችሁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ቦታው ሁለቱ ክንፎች ከሚገናኙበት በላይ ነው። የተገጠመውን ሞዴል በሁለት ጣት ክንፉ ሥር ይዛችሁ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ነጥብ ብትፈልጉ እዚያው አካባቢ ታገኙታላችሁ። ቱቦውን ከገላው ጋር ሁለት ዓይነቱ ተደባልቆ በሚደርቀው ሙጫ አጣብቁት። በጠመንጃ የሚቀልጠው ሙጫ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀትር ይላላል፤ ሱፐር ግሉ ብቻውንም ለንዝረት አይሆንም።

ከዘንጉ ጫፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በፒንሳ 10 ዲግሪ እጠፉት፤ የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚሰጠው ይህ እጥፋት ነው። ሞዴሉ እንዳይዞርባችሁ የዘንጉን ጫፍ በሞረድ በአንድ ጎን ጠፍጠፍ አድርጉ፣ የቱቦውንም አፍ እንደዚያው ጨመቅ አድርጉት። ሳይጣበቅ የሚገባና የሚወጣ መሆኑ በኋላ ይጠቅማል፤ ሞዴል በአውቶቡስ ሻሸመኔን አልፎ ሲሄድ ከዘንጉ ተነቅሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሆን አለበት።

ዘንጉን ጥቁር አትቀቡ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታችሁ ያንኑ ቀለም፣ የማያብለጨልጭ አድርጋችሁ ቀቡት። ከሁለት ሜትር ላይ ግማሹ ይጠፋል።

መሬቱ

ለሰሌዳው 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፈር ያለ ኮምፔንሳቶ ውሰዱ። የታችኛውን ፊት የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጡት፤ ምስጥ የአጥሩን እንጨት እንደሚበላ ሰሌዳውንም ይበላል። ሽታው እስኪጠፋ ውጭ ይደር፤ ሲቀመጥም የጭቃ ግድግዳ አይንካ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት ብታስሩበት በንፋስ አይገለበጥም።

አፈሩ ከደጅ የሚታፈሰው ቀይ አፈር ይሁን። በምጣድ አሙቃችሁ ያለውን ነፍሳት አጥፉ፣ በሻይ ማጥለያ ሁለት ጊዜ ንፉት። ጠጠሩ በ1 ለ72 ድንጋይ ስለሚሆን ዱቄቱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰሌዳው ላይ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀቡና አፈሩን በትኑበት። ኮላ ሲነካው ይጠቁራል፤ ሲደርቅም ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ደረቅ አፈር እንደገና ነስንሱ። የመኪና ጎማ የሄደበት መስመርና የማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ የተደረደሩ በኖራ የነጡ ድንጋዮች ይብቁ።

ቦረናን ቦረና የሚያደርገው ኩይሳው ነው። አራት ሜትር ከፍታ ያለው ኩይሳ በ1 ለ72 5.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያው አፈር በኮላ ለውሳችሁ በጭስ ማውጫ ቅርጽ አቁሙት። የዘንጉ ሥር የሚወጣው ከኩይሳው አናት ይሁን። ዓይን ዘንጉ መሬት የሚነካበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ካላገኘው ይተወዋል። ስድስት ሜትር የሆነ ግራር 8.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አናቱ እንደ ጃንጥላ ጠፍጣፋ ይሁን።

ግመሉ እስከ ሻኛው 2.8፣ የቦረና ላም ደግሞ 1.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከሽቦና ከጭቃ ይሠራሉ፤ ከላይ ስለሚታዩ ጀርባቸው ላይ ትኩረት ስጡ። አሁን ወደ ቅጽበቷ ተመለሱ፦ ሁለት ሞተር በ20 ሜትር ላይ እያጓራ ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ የምትግጥ ላም የለችም። ከአውሮፕላኑ መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሸሹ አድርጓቸው፤ ጥጃዎቹ ከእናቶቻቸው ጎን፣ ግመሎቹ በረዥሙ እግራቸው ፊት ፊት። በቀይ አፈር የታሸ ጥጥ ከኋለኛ እግራቸው ሥር ብታስቀምጡ አቧራ ይሆናል። እረኛው ግን አይሸሽም፤ ቀና ብሎ ያያል።

ስለ ጥላ፦ ነገሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የአውሮፕላኑ ጥላ ልክ ከሥሩ ያርፋል፤ የእንስሳቱም ጥላ ከሆዳቸው ሥር ነው። የጠዋት ብርሃን ከመረጣችሁ ፀሐይዋ በ45 ዲግሪ ስትሆን ጥላው በሰሌዳው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ምናልባት ከሰሌዳው ውጭ ይወድቃል። ጥላ በቀለም መሳል አስፈላጊ አይደለም። ትንሽ የሶላር መብራት ከሞዴሉ በላይ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉ እውነተኛውን ጥላ ራሱ ይሠራዋል፤ የተሳለ ጥላ ካለ ግን ሁለት ፀሐይ ይሆናል።

መሬት ለማይፈልግ

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበውን 787 ዓይነት ከፍተኛ በረራ የምትፈልጉ ከሆነ ሰሌዳውን ተዉት፤ ዘንጉን ከግድግዳ አውጡት። አንዱ ጫፍ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ከተመልካቹ በተቃራኒ ጎን ወደ አውሮፕላኑ ወገብ። የብሎኬት ግድግዳ በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ውስጡ ያለውን ቋሚ እንጨት አንኳኩታችሁ ፈልጉ፤ ጭቃው ብቻውን አይዝም። የ787 ክንፍ በበረራ ላይ ጫፉ ወደ ላይ በደንብ ይቀለበሳል፤ ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው ሞዴል ከሆነ መሬት ላይ የቆመውን ነው የያዛችሁት። በሞቀ ውኃ እየነከራችሁ በትዕግሥት ልታጎብጡት ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ክንፍ እኩል ይጉበጥ።

ክር የመጨረሻው ምርጫ ነው። በአንድ ክር የተንጠለጠለ አውሮፕላን በር በተከፈተ ቁጥር ይዞራል፤ በቆላ ደግሞ በርና መስኮት ተዘግቶ አይዋልም። የግድ ከሆነ ሦስት ክር ይሁን፤ ሁለቱ ከክንፎቹ ሥር፣ አንዱ ከጅራቱ አጠገብ፣ ላይ ግን በተለያየ ቦታ የታሰሩ። አቡጀዲም ሆነ ቺፕውድ ኮርኒስ ሸክም አይችልም፤ ከበላዩ ያለውን ሞራሌ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ ጠምዝዙ። የዓሣ ማጥመጃው ናይለን ፀሐይ ሲያገኘው ከጊዜ ብዛት ይደርቃልና በየዓመቱ ለውጡት።

ሞዴሉን የምታስቀምጡበት ከፍታ የቆመ ሰው ዓይን ልክ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን፤ የዲሲ-3 ትርዒት ከላይ ካልታየ ከብቶቹ አይታዩም። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከምዕራብ መስኮት አርቁት፤ ቀጭን ፕላስቲክ በሙቀት ይጎብጣል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከአፍንጫ ወደ ጅራት ጥረጉ እንጂ በጨርቅ አትንኩት። የፕሮፔለሩ ክብ ግን ቢጠረግም ውሎ አድሮ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ ስትቆርጡ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ጨምራችሁ ቁረጡ።